በመተከል ዳገት የወጣው ጦር
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሦስት ሰዎች ነን። የሚነበበው በአንድ አፍ ይሁን እንጂ ሥራው የሦስታችን ስለሆነ «እኛ» እያልን እንናገራለን። ባለፈው ጉባኤ የሒሳቡ ሪፖርት ካለቀ በኋላ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ፣ የሚያዝያ 27 ጨዋታ ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አንዱ «ጠላትን ያስወጣው እንግሊዝ ነው» አለ። ሌላው «አርበኛው ነው እንጂ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ጃንሆይ በኦሜድላ ገብተው ነው» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ሲያመራ ዳኛችን «በሉ ለሚቀጥለው ዓመት አጥንታችሁ አምጡልን» ብለው ሥራውን ለእኛ ጣሉብን። እነሆ አምጥተናል።

ያን ዕለት የተከራከሩት ሦስቱም የያዙት እውነት ነው፤ የተጣሉት እያንዳንዳቸው የታሪኩን አንድ ጫፍ ይዘው ስለጎተቱ ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ከሁሉም ስለ ትንሹ ጫፍ ነው፤ ይኸውም ከሱዳን ጠረፍ ተነሥቶ፣ በበላያና በመተከል አድርጎ፣ የጎጃምን ዳገት ስለወጣው አነስተኛ ጦር። ስሞቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ኦሜድላ ሲባል ልጆቻችን የሚያውቁት የፖሊስን የስፖርት ክለብ ነው። ዊንጌት ሲባል ትምህርት ቤቱ፣ ወይም የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ የሚጠራው ሰፈር ይታወሰናል። በአራት ኪሎ በኩል ስናልፍ የሚያዝያ 27ን ሐውልት እናየዋለን። እነዚህን ሦስት ስሞች በአንድ መንገድ ላይ ያሰለፋቸው ግን ያ ዳገት ነው።

ወደ ዳገቱ ከመድረሳችን በፊት ጠላት በየት እንደገባ እናስታውስ። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነሥቶ በጣርማ በር አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ ይዞ ነበር። በጣርማ በር የእኛ ሰዎች መንገዱን በፈንጂ አፈረሱበት። ጠላት ግን የመንገድ ሠራተኛም፣ ዲናሚትም፣ ሲሚንቶም አልቸገረውም፤ በጥቂት ቀን ጠግኖ አለፈ። ጃንሆይ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወጡ፤ ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 ቀን ገባ። እንግዲህ በሩን የሰበረው መኪና ነው ማለት ይቻላል። ከአምስት ዓመት በኋላ የተመለሰው ጦር መንገድ ግን በግመል ነው። ይኼ ልዩነት እኛን ሲያስደንቀን ከርሟል።

ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትከፍት ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ እንግሊዝ የኢጣሊያን ወረራ አውቆ፣ ተቀብሎ፣ ዝም ብሎ ነበር። ይህን ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል። ሰዎቹ ወዳጅ የሆኑን ጠላታችን ጠላታቸው በሆነ ጊዜ ነው። ጃንሆይም ከስደት አገራቸው ከባዝ ተነሥተው በግብጽ በኩል ካርቱም ገቡ። እዚያ ከደረሱ በኋላ እንኳ ምን እንደሚደረግላቸው ለመወሰን ወራት ፈጅቷል።

በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያንና ኤርትራን ወደያዘው ጠላት የዘመቱት ሁለት ታላላቅ ጦሮች ናቸው። በሰሜን ጄኔራል ፕላት ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ከረን ሄደ፤ የከረን በር ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት 18 ቀን ድረስ ብዙ ደም ፈሶበት ተከፈተ። በደቡብ ጄኔራል ከኒንግሃም ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያ አድርጎ፣ ሐረርን ይዞ፣ ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠ። መድፉም፣ ታንኩም፣ አውሮፕላኑም ለእነዚህ ለሁለቱ ተሰጠ። በምዕራብ በኩል የተላከው ሦስተኛው ጦር የእነዚህ ተቀጽላ ነው። ለእርሱ የተሰጠው ከሌሎቹ የተረፈው ነው ብንል አናጋንንም።

ቁጥሩን እንንገራችሁ። 50 ያህል የእንግሊዝ መኮንኖች፣ 20 ያህል የእንግሊዝ የበታች ሹማምንት፣ 800 ያህል የሱዳን ወታደሮች፣ 800 ያህል ደግሞ ሥልጠናቸውን በወጉ ያልጨረሱ ኢትዮጵያውያን። በቃ። መድፍ የለውም። ጥቂት ሞርታሮች ነበሩት። ሱዳናውያኑ በቡስቴድ የሚመራው የጠረፍ ሻለቃ ናቸው። ኢትዮጵያውያኑ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ይባሉ ነበር፤ ብዙዎቹ በ1928 እና ከዚያም በኋላ ወደ ኬንያ ተሰደው፣ በስደተኞች ሰፈር ተቀምጠው የቆዩ ናቸው። በጎጃም ተቀምጦ የሚጠብቃቸው የጠላት ኃይል 35,000 ያህል እንደነበር ይነገራል።

የጦሩ አዛዥ ሻለቃ ኦርድ ዊንጌት፣ በኋላ ኮሎኔል፣ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ስለነበረ ጦሩን «የጌዴዎን ጦር» ብሎ ሰየመው። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጌዴዎን ሦስት መቶ ሰው ይዞ፣ ቀንደ መለከትና ችቦ አስይዞ፣ በሌሊት የምድያምን ሰፈር ያሸበረው ነው። ስሙ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ዊንጌት የዘነጋው ይመስለናል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ቁጥር የሌለው ግመል የነበራቸው ምድያማውያን እንጂ ጌዴዎን አልነበረም። በእኛ አገር ግመሉ ሁሉ በጌዴዎን በኩል ሆነ።

ከዊንጌት በፊት ግን መንገዱን የጠረገ ሰው ነበረ። ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ፣ ከጦርነቱ በፊት አገራችን ብዙ ዓመት የኖረ፣ ቋንቋችንን የሚያውቅ ሰው፣ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር ጠረፉን ተሻግሮ ጎጃም ገባ። ከእርሱ ጋር የንጉሡ እንደራሴ ሆነው የገቡት አዛዥ ከበደ ተሰማ ናቸው፤ በኋላ ደጃዝማች የሆኑትና «የታሪክ ማስታወሻ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት። የእነዚህ ሰዎች ዋና ሥራ ተኩስ አልነበረም፤ ማስታረቅ ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ሁለቱም ጀግኖች፣ ሁለቱም ጠላትን እንቅልፍ የነሡ፣ ግን እርስ በርሳቸው የማይተማመኑ ነበሩ። እነሱን አስታርቆ አንድ ላይ ማቆም ከብዙ ሣጥን ጥይት ይበልጥ ጠቅሟል። የዕድር ዳኛ ሆኖ ሁለት ጎረቤት ያስታረቀ ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ አይጠፋውም።

ጎጃም ባይሸፍት ኖሮ 1,600 ሰው ይቅርና አሥር እጥፍ ቢመጣም ያን ዳገት አይወጣትም ነበር። ይህን የምንለው ለወገን ብለን አይደለም። ጠላት በየምሽጉ ተዘግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ከምሽግ እምሽግ የሚሄደው በብዙ ጦር ታጅቦ ነው። መንደሩ፣ ጫካው፣ ሸለቆው፣ የውሃ መውረጃው የአርበኛ ነው። የጌዴዎን ጦር የገባው ክፍት ወደሆነ ግቢ ነው፤ በሩን ከውስጥ የከፈቱለት ባለቤቶቹ ናቸው።

ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ጠረፉን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማውን ሰቀሉ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉም ያውቃል፤ ፎቶግራፉም አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚናገረው። ከኦሜድላ እስከ በላያ ተራራ ድረስ ያለው አገር ቆላ ነው፤ እሾህ፣ ቀርከሃ፣ የደረቀ ወንዝ፣ ሙቀት። ዊንጌት በኮምፓስ አቅጣጫ ይዞ የጭነት መኪናዎቹን በቁጥቋጦው ውስጥ ነዳቸው። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። የጃንሆይ ጉዞም በመኪና አልቀጠለም፤ ወርደው በእግርና በፈረስ እንደሄዱ ተጽፏል። በላያ የደረሱት ጥር 29 ቀን ነው። መኪናው ሲቀር የቀረው ግመል ነው።

ስለ ግመሎቹ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ከሱዳን የተሰበሰቡት ግመሎች ከ15,000 በላይ ናቸው። የሚሸከሙት ጥይት፣ ጠመንጃ፣ ስንቅ፣ መድኃኒት፣ እንዲሁም ጠገራ ብር ነው። ጠገራውን አትናቁት፤ የጎጃም ገበሬ የወረቀት ገንዘብ ምን ያደርግለታል? እህልና በቅሎ የሚገዛው በማርትሬዛ ነበር፤ ማርትሬዛም ክብደት አላት። ከጎጃም በኩል ብዙ በቅሎ ተሰብስቦ በላያ ላይ ይጠብቃል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ እንደታሰበው አልተገኘም። ስለዚህ ለቆላ የታሰበው ግመል ደጋ ውጣ ተባለ።

ግመል የአሸዋ ከብት ነው። ሰኮና የለውም፤ እግሩ ሰፊና ለስላሳ ነው። አሸዋ ላይ አይሰምጥም፤ ስለት ባለው ድንጋይ ላይ ግን ይቆረጣል፣ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። የሚበላው የእሾህ ቅጠል ነው፤ ደጋ ላይ እሱን አያገኘውም። ብርድ አያውቅም። የመተከል ዳገት ደግሞ ከቆላው ተነሥቶ እንደ ግድግዳ ቆሞ ነው ወደ አገው ምድር ደጋ የሚያወጣው፤ ላይ እንጅባራ ስትደርሱ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ጠባብ መንገድ፣ በአንድ ወገን ገደል። አንዱ ግመል ሲወድቅ የኋለኛው ሁሉ ይቆማል። የወደቀውን ጭነቱን አራግፎ፣ ጭነቱን ለሌላ አካፍሎ፣ ሬሳውን ወደ ገደሉ ገፍቶ መቀጠል ነው። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ያውቀዋል፤ ሜዳ ላይ አራት ሰው የሚችለው ሸክም ዳገት ላይ ስምንት ሰው ይፈልጋል፣ እሱም በየጥቂት እርምጃው እየተቀያየሩ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣ ሰው መንገድ መሪ አላስፈለገውም፤ የሞቱትን ግመሎች ሽታ መከተል በቂ ነበር ተብሎ ተጽፏል። ከ15,000ው ግመል ውስጥ አዲስ አበባ የደረሱት ሃምሳ ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ስናነብ የማተሚያ ቤት ስሕተት መስሎን ነበር። አይደለም።

ግመሎቹ የተቆጠሩት ገንዘብ ስለወጣባቸው ነው። ነጂዎቹስ? ከሱዳን ቆላ የመጡ፣ ቀለል ያለ ልብስ የለበሱ፣ ብርድ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ መካከል በብርድ፣ በበሽታ፣ በገደል ስንቱ እንደቀረ የሚናገር ዝርዝር እኛ ባየናቸው መጻሕፍት ውስጥ የለም። መኮንኖቹ በስማቸው ተጽፈዋል፤ ወታደሮቹ በሻለቃ በሻለቃ ተጽፈዋል፤ ነጂው ከግመሉ ጋር ተደምሮ «ማጓጓዣ» ተብሎ ታልፏል። ከዳገቱ በላይ ደግሞ የጎጃም ገበሬ በአህያና በበቅሎ፣ ሲያስፈልግም በጀርባው፣ ያንኑ ሥራ ተረከበ። እሱም አልተቆጠረም።

ጦሩ ትንሽ መሆኑ እንዲደበቅ ዊንጌት ብዙ ተንኮል ሠርቷል። «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» እንደሚባለው ይህን ያህል ግመል መደበቅ እንደማይቻል ስላወቀ፣ ጭራሽ እንዲታይ ተወው። የቅፍለቱ ርዝመት የጠላት ሰላይ አይን ውስጥ ሲገባ፣ «ይህን ሁሉ ስንቅ የሚበላ ጦር ስንት ሺህ ቢሆን ነው?» የሚያሰኝ ሆነ። በተጨማሪም የስብከት ክፍል ነበረው፤ በሌሊት ወደ ምሽጉ ተጠግቶ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ ይናገራል፤ «ባንዲራችን» የተባለውን በካርቱም የታተመ ጋዜጣ ይበትናል። የጠላት ወታደር የሚበዛው የእኛው ሰውና የኤርትራ አስካሪ ስለሆነ ቃሉ ጆሮ ያገኝ ነበር። ምሽት ምሽት እየጠፋ የሚወጣው ብዙ ነው።

ዳገቱን የወጡት የካቲት አጋማሽ ገደማ ነው። ጠላት ያኔ ዳንግላን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሸሸ፤ እንጅባራንም ለቀቀ። እግረ መንገዱን አርበኛው አላሳለፈውም። ዊንጌት ከዚያ በደቡብ በኩል ወደ ቡሬ ዞረ። በቡሬ የነበረው ኮሎኔል ናታሌ ብዙ ሺህ ጦር ይዞ፣ ምሽግ ውስጥ ሆኖ፣ በጥቂት መቶ ሰዎች ሲከበብ፣ የከበበው ታላቅ ጦር መሰለው። የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ መንገድ ወጣ።

እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ከባድ ፈተና ደረሰባቸው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ወደ ደምበጫ ቀድሞ ሄዶ በጫረቃ ወንዝ አጠገብ ሰፍሮ ነበር። ናታሌ በዚያ መንገድ እንደሚመጣ የነገራቸው የለም። የካቲት 27 ቀን ንጋት ላይ ጠላቱ ሁሉ፣ መኪናውም፣ ፈረሰኛውም፣ አስካሪውም፣ በላያቸው መጣ። ጥቂት መቶ ሰዎች ስድስት ሰባት ሺህ ሰው ገጠሙ። ለእነሱ ያ የመጀመሪያቸው ትልቅ ውጊያ ነው፤ ትናንት የስደተኛ ሰፈር ውስጥ ሰልፍ ይለማመዱ የነበሩ ልጆች ናቸው። መንገዱን መዝጋት አልቻሉም፤ ጠላት ጥሶ አለፈ። ግን ብዙ ሰው አስቀርተውበት ነው ያለፈው። ሻለቃውም ብዙ ሰውና አብዛኛውን ከብቱን አጥቶ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሙሉ ኃይሉ አልተመለሰም። በጫረቃ ወንዝ ዳር የወደቁት በውጭ አገር ተሰደው፣ ተመልሰው አገራቸው ላይ የሞቱ ናቸው። የትውልድ መንደራቸውን ዳግመኛ ያላዩ በመካከላቸው አይጠፉም።

ከደብረ ማርቆስ በፊት ያለው አንድ ወር እንዲህ በሌሊት ወረራ አለፈ። አሥር ሃያ ሰው እየሆኑ በጨለማ ወደ ምሽጉ ተጠግተው፣ ቦምብ ወርውረው፣ ተመልሰው። በአንድ ምሽግ ውስጥ በተገኘ ስልክ ጣሊያንኛ የሚያውቅ ሰው ደውሎ «ብዙ ሺህ እንግሊዝ መጣብን» ብሎ ጠላትን አስደንግጧል የሚል ወሬም አለ። ወሬው ደስ ስለሚል አስገባነው። በመጨረሻ ጠላት ከተማዋን ለራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ትቶ ወደ ዓባይ ተሻገረ፤ ራስ ኃይሉም ለጃንሆይ አስረከቡ። ስለ ራስ ኃይሉ በዚህ ስብሰባ ውስጥ ስንት ዓይነት ሐሳብ እንዳለ ስለምናውቅ ዛሬ አንገባበትም። ጃንሆይ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ቀን፣ በመጋቢት 28፣ የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ያዘ።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንመለስ። አዲስ አበባን በመጀመሪያ የያዘው ከደቡብ የመጣው ጦር ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። የከረን በር ባይሰበር ጠላት ጦሩን ከሰሜን ወደ ጎጃም ማዞር ይችል ነበር፤ ይህም አይካድም። ታዲያ ያ ሁሉ ግመል ያለቀበት ዳገት ምን አስገኘ? እኛ እንደገባን ሁለት ነገር። አንደኛው፣ ጎጃም ውስጥ የነበረው የጠላት ጦር በ1,600 ሰውና በአርበኛው ታስሮ ቀረ፤ ወደ ከረንም፣ ወደ ሸዋም ለእርዳታ አልሄደም። ሁለተኛው ይበልጣል። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ መኪና ተጭነው፣ እንግሊዝ በያዘው ከተማ፣ እንደ እንግዳ ቢገቡ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። የገቡት ግን በራሳቸው አገር ዳገት፣ ከራሳቸው ሰው ጋር፣ ሰንደቅ ዓላማ ይዘው ነው። እንግሊዞቹ «በአዲስ አበባ ያሉት ጣሊያኖች ይፈራሉ» በሚል ምክንያት ጃንሆይን በደብረ ማርቆስ ለሳምንታት አዘግይተዋቸዋል። ያን መዘግየት ስታስቡ፣ የዳገቱ መንገድ ባይኖር ካርቱም ላይ ስንት ወር ይቆዩ እንደነበር ራሳችሁ ገምቱ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ልክ ባዶሊዮ በገባ በአምስት ዓመቱ ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ። ዊንጌት በነጭ ፈረስ ከፊት ነበረ። ከኋላው የጫረቃው ሻለቃ፣ ያው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ተሰልፎ ገባ። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች፣ ጎፈሬያቸው እንደ አንበሳ ጋማ ቆሞ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ቆመው ነበር። ሕዝቡ አለቀሰ፣ ዘፈነ፣ ሳቀ፤ ያን ያዩ ወላጆቻችን ሲናገሩ እንደገና ያለቅሱ ነበር።

ዘመቻው ግን በዚያ ቀን አላበቃም። ከደብረ ማርቆስ ሸሽቶ ዓባይን የተሻገረው በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው የጠላት ጦር ገና ስምንት ሺህ ያህል ሰው ነበረው። የጌዴዎን ጦር ቅሪትና የራስ ካሣ አርበኞች ተከትለውት፣ በሌላ ዳገትና በሌላ በር አሳድደው፣ ግንቦት 15 ቀን በአጅባር እጁን አስሰጡት። ይህ የሆነው ሰው አዲስ አበባ ላይ የድል በዓሉን አክብሮ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ሳምንት የሞተ ሰው የሞተው ከድል በኋላ ነው። ግንቦት 24 ቀን ጦሩ ተበተነ። ዊንጌት በ1936 ዓ.ም. በእስያ ጦር ሜዳ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሳንድፎርድ አገራችን ውስጥ አርጅቶ በ1964 ዓ.ም. አረፈ።

አሁን ይህን ሁሉ ለዕድር ጉባኤ ያመጣንበትን ጉዳይ እናቅርብ።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ከአባሎቻችን መካከል የጎጃም ተወላጅ የሆኑ አንዲት እናት ጠርተውን ቤታቸው ገባን። አባታቸው በዚያ ዓመት በቅሎ ጭነው ከዳንግላ በኩል ወጡ፤ እህል ለጦሩ ነበር። አልተመለሱም። በምን እንደሞቱ፣ የት እንደተቀበሩ፣ ወይም መቀበራቸውን እንኳ የሚያውቅ የለም። ቤተ ሰቡ ዕለቱን ስለማያውቀው ተዝካሩን በሚካኤል ያወጣ ነበር፤ ለምን በሚካኤል ሆነ ብለን ስንጠይቅ «የወጣበት ቀን ሚካኤል ነበር ትል ነበር እናቴ» አሉን። በኋላ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት «ሦስት ምስክር አምጡ» ብሏቸው ነበር። ምስክር የሚሆኑት ሰዎች አብረው የሄዱት ናቸው፤ እነሱም አልተመለሱም። «አባቴ አርበኛ ነው ብዬ አላውቅም፤ ጫኝ ነበር» አሉን ደግሞ። ያን ቃል በልባችን ይዘን ወጣን።

የዕድራችን ደንብ የሚናገረው ሬሳ ስላለው ሰው ነው። ጡሩንባ የሚነፋው፣ ድንኳን የሚተከለው፣ መቃብር የሚቆፈረው፣ ሰልስት የሚቀመጠው ለተገኘ ሰው ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ደንቡ ይለወጥ አንልም፣ ከገንዘቡም አንድ ሳንቲም ይውጣ አንልም። ገንዘብ ያዣችን ፊታቸውን አይቋጥሩብን። የምንጠይቀው ወረቀት ብቻ ነው። ጸሐፊያችን የሙታን መዝገቡ መጨረሻ ላይ ጥቂት ገጾች ለይተው ትተዋል። በእነዚያ ገጾች ላይ፣ በ1928ም ይሁን በ1933፣ በጣርማ በርም ይሁን በመተከል፣ በከረንም ይሁን በማይጨው፣ ወጥተው ያልተመለሱ የአባሎቻችን ወላጆች፣ አያቶችና ዘመዶች ስም እንዲጻፍ እንፈልጋለን። ተዋጊም ይሁን፣ ጫኝም ይሁን፣ እንጀራ ጋጋሪ ሆና ጦሩን የተከተለችም ትሁን። በማንኛው ወገን ሆኖ ሞተ ብለን አንመረምርም፤ አስካሪ ሆኖ የቀረ አያት ያለውም ሰው በመካከላችን ይኖራል፣ እሱም አያቱን ያስመዝግብ።

ይህን የምናስቸኩለው ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩት አልቀው፣ ከእነሱ የሰሙት ልጆች ራሳቸው ሰማንያ ስለደረሱ ነው። የእኚያ እናት ልጆች ስለ አያታቸው ከስሙ በቀር የሚያውቁት የለም፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ስሙንም አያውቁትም።

አጻጻፉን እንዲህ አድርገነዋል። የሟቹ ስም ከነአባት፣ የተነሣበት አገር፣ ያደረገው ሥራ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ፣ የነገረን ሰው ስም። ከእነዚህ አንዱ ከጠፋ ቦታው ክፍት ይተዋል፤ ግምት አይጻፍበትም። ዓመተ ምሕረቱን የማታውቁ «ክረምት ሊገባ ሲል» ወይም «ጤፍ ሲታጨድ» ብላችሁ ብትሉንም እንጽፈዋለን። የተጠራበት የቤት ስም ወይም የፈረስ ስም ካለ እሱንም። ማንበብና መጻፍ የማይመቻቸው አባቶችና እናቶች ከእኛ ከሦስታችን አንዱን ጠርተው ቢነግሩን እቤታቸው ድረስ ሄደን እንጽፋለን።

መዝገቡ በጸሐፊያችን ዘንድ ነው። በየወሩ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይከፈታል። የመጀመሪያው መስመር ላይ የዳንግላው ጫኝ ስም ተጽፏል፤ በሥራ ረድፍ «ጫኝ» ተብሏል፣ የመቃብር ቦታ የሚለው ረድፍ ክፍት ነው።